ለጎንደር ላብራቶሪ የትኛው ፍሎረሰንት ስትሬፕታቪዲን ይሻላል?

ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ የግዥ ቅጽ ይዞ የሚመጣ ተመራማሪ ይበዛል። አብዛኞቹ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች ናቸው። ጥያቄያቸውም ተመሳሳይ ነው፦ «ስትሬፕታቪዲን ልናዝ ነው፤ የትኛው ቀለም ይሻላል?» ስትሬፕታቪዲን የምንፈልገውን ሞለኪውል ለማየት የሚያበራ ቀለም የሚለጠፍበት ፕሮቲን ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ማሽናችሁ የትኛውን ብርሃን ያወጣል? የትኛውንስ ያያል? ይህ ሳይታወቅ የታዘዘ ቀለም፣ ካታሎጉ ላይ «እጅግ ደማቅ» ቢባልም፣ እዚህ ጎንደር ሲደርስ ጨለማ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቀለሞቹን በካታሎጉ ቅደም ተከተል አላነጻጽርም። መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ናሙናውን፣ ከዚያ መንገዱንና ፍሪጁን እናያለን። ዋጋ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ባዮቲንና ስትሬፕታቪዲን፣ በአጭሩ

ባዮቲን ትንሽ ቫይታሚን ነው፤ ክብደቱ 244 ዳልተን ብቻ። ትንሽነቱ ለእኛ ጠቅሞናል። አንቲቦዲ ላይ፣ ዲኤንኤ ላይ ወይም ፔፕታይድ ላይ ሲለጠፍ የያዘውን ሞለኪውል ሥራ ብዙም አያውክም። ስትሬፕታቪዲን ደግሞ ስትሬፕቶማይሲስ አቪዲኒ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ፕሮቲን ነው። አራት ኪስ አለው፤ እያንዳንዱ ኪስ አንድ ባዮቲን ይይዛል። ኮቫለንት ካልሆኑ ትስስሮች መካከል ይህን ያህል የጠነከረ ጥቂት ነው። አንዴ ከያዘ ደጋግማችሁ ብታጥቡትም አይለቅም።

ቀለሙ የሚጣበቀው ስትሬፕታቪዲኑ ላይ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ጠርሙስ ባለቀለም ስትሬፕታቪዲን ካላችሁ ባዮቲን የተለጠፈበትን ማንኛውንም አንቲቦዲ ታዩበታላችሁ። የውጭ ምንዛሬ ፈልጎ፣ ጉምሩክ አልፎ ለሚመጣ ዕቃ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለየአንቲቦዲው የራሱን ቀለም ከመግዛት ያድናችኋል።

አንድ ገደብ ግን አለው። በአንድ ቱቦ ውስጥ ባዮቲን ያለበት አንቲቦዲ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ካደረጋችሁ ስትሬፕታቪዲኑ ሁለቱንም ይይዛል፤ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሌሎቹ አንቲቦዲዎች በቀጥታ የራሳቸው ቀለም የተለጠፈባቸው ይሁኑ።

መጀመሪያ ማሽኑን ክፈቱ

ማይክሮስኮፕ ከሆነ ፊልተሮቹ ያሉበትን ክፍል ክፈቱና እያንዳንዱ ኩብ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ለምሳሌ «480/30» ካለ፣ መሃሉ 480 ናኖሜትር ሆኖ ስፋቱ 30 የሆነ ብርሃን ወደ ናሙናው ይልካል ማለት ነው። «535/40» የሚለው ደግሞ ከናሙናው ተመልሶ ወደ ዓይናችሁ እንዲያልፍ የሚፈቀደው ነው። በሁለቱ መሃል «505» የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ ሁለቱን ብርሃን የሚለየው የመስታወቱ ድንበር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ገልብጡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከማንኛውም የሽያጭ ሠራተኛ ምክር ግን ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ ጤና ተቋማት የምናገኘው ፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ለቲቢ ምርመራ የገባው ባለ ኤልኢዲ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የፖሊሲ ሰነድ መከረበት፤ ከዚያ ወዲህ በስፋት ተሰራጨ። የተዘጋጀው ግን አውራሚን ለተባለው የቲቢ ቀለም ነው። ብዙዎቹ የሚያወጡት ከ450 እስከ 460 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ነው። አረንጓዴዎቹ የስትሬፕታቪዲን ቀለሞች ደግሞ በደንብ የሚነሱት (ማለትም ብርሃን የሚቀበሉት) 495 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ ይሰጣችኋል። ደማቅ ናሙና ሊታይ ይችላል፤ ደካማው ግን ያልፋችኋል። ቀይ ቀለም ከሆነ ጨርሶ አትሞክሩ። «ፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ አለን» ብላችሁ ብቻ ቀለም ካዘዛችሁ ገንዘባችሁን ውኃ በላው።

ፍሎው ሳይቶሜትር (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፈ የሚለካ ማሽን) ከሆነ ጥያቄው ሌዘሩ ስንት ነው የሚለው ነው። በየቦታው የምናየው ባለ አራት ቀለሙ ነባር ማሽን ሁለት ሌዘር አለው፤ 488 ሰማያዊና 635 ቀይ። ቫዮሌት የሚባለው 405 ሌዘር ከሌለው የካታሎጉ ሩብ ለእናንተ አልተጻፈም። ለሲዲ4 ቆጠራ ብቻ የተሠሩት ትንንሽ ማሽኖች ደግሞ በራሳቸው ኪት ስለሚሠሩ ከዚህ ጨዋታ ውጪ ናቸው።

ፕሌት ሪደር (የፕሌት ጉድጓዶችን የሚያነብ ማሽን) ብቻ ካላችሁ፣ እሱም ፍሎረሰንስ የማያነብ ከሆነ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ፍሎረሰንት ስትሬፕታቪዲን አትግዙ። ኤችአርፒ የተባለ ኢንዛይም የተለጠፈበትን ስትሬፕታቪዲን ግዙና በኤላይዛ (በፕሌት ላይ በቀለም ለውጥ በሚነበብ ምርመራ) ሥሩ። ዋጋው ይቀንሳል፤ ውጤቱም አስተማማኝ ነው። ብቻ ሶዲየም አዛይድ ባለበት በፈር (ፒ.ኤችን በሚጠብቅ ፈሳሽ) አታቅጥኑት። አዛይድ ኤችአርፒን ይገድለዋል። ፍሎረሰንት ቀለሞችን ግን አይነካም፤ እንዲያውም ከሻጋታና ከባክቴሪያ ይጠብቃቸዋል።

አረንጓዴው፦ ኤፍ.አይ.ቲ.ሲ ወይስ አሌክሳ ፍሎር 488?

ሁለቱም 495 አካባቢ ይነሳሉ፤ 520 አካባቢ ይበራሉ። በአንድ ፊልተር ይታያሉ። ልዩነታቸው ዋጋና ጽናት ነው።

ኤፍ.አይ.ቲ.ሲ ርካሽ ነው፤ በየትኛውም ሻጭ ዘንድ አይጠፋም። ሁለት ድክመት አለው። የመጀመሪያው አሲድ አይወድም። የበፈሩ ፒ.ኤች ከ7 በታች ሲወርድ ብርሃኑ አብሮ ይወርዳል፤ 6.4 አካባቢ ሲደርስ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል። ሁለተኛው ቶሎ ይደበዝዛል። ስላይዱን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጋችሁ ጥሩ ቦታ ስትፈልጉ፣ ያገኛችሁት ቦታ ፎቶ ሳይነሳ ይከስማል። አሌክሳ ፍሎር 488 እና በሌሎች ኩባንያዎች የሚሠሩት አቻዎቹ፣ ለምሳሌ ዳይላይት 488 እና ሲኤፍ 488ኤ፣ ይህን ችግር በእጅጉ አቃለውታል። አሌክሳው ከፒ.ኤች 4 እስከ 10 ብርሃኑ ብዙም አይለወጥም። በብርሃን ሥርም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለፍሎው ሳይቶሜትር ኤፍ.አይ.ቲ.ሲ ይበቃል። ሴሉ በሌዘሩ ፊት የሚያልፈው በማይክሮ ሰከንዶች ስለሆነ ለመደብዘዝ ጊዜ የለውም። ለስላይድ ከሆነ ግን ጨምራችሁ 488ቱን ግዙ። ኤፍ.አይ.ቲ.ሲን በስላይድ ላይ መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ፣ የመሸፈኛው ግሊሰሮል ፒ.ኤች 8 ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ እንዲሆን አድርጉ። መደብዘዝን የሚከላከል ነገር ያለበትን መሸፈኛም ምረጡ።

ፍሎው ሳይቶሜትር ላላችሁ፦ ፒ.ኢ እና ኤ.ፒ.ሲ

ፒ.ኢ፣ ሙሉ ስሙ ፋይኮኢሪትሪን፣ ከቀይ የባሕር አልጌ የሚገኝ ትልቅ ፕሮቲን ነው። ክብደቱ 240,000 ዳልተን ነው፤ ስትሬፕታቪዲኑን ራሱን አራት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። በውስጡ ብዙ ብርሃን ሰብሳቢ ሞለኪውሎች አሉ። ብርሃን የመዋጥ አቅሙ በሚለካበት መስፈርት ኤፍ.አይ.ቲ.ሲ ወደ 70,000 ሲሆን ፒ.ኢ ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋል። ከዋጠውም ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ያወጣል። በ488 ሌዘር ይነሳል፤ 578 ላይ ይበራል። ለዚህ ነው በሴሉ ወለል ላይ ጥቂት ብቻ ለሚገኝ ተቀባይ ፒ.ኢ የሚመረጠው። ሰማያዊ ሌዘር ያለው ፍሎው ሳይቶሜትር ኖሯችሁ አንድ ጠርሙስ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ እኔ ያለማመንታት ስትሬፕታቪዲን ፒ.ኢን እላለሁ።

ጣጣም አለው። ከኤፍ.አይ.ቲ.ሲ ጋር ሲገባ የአንዱ ብርሃን ወደ ሌላው ቻናል (የብርሃን መቀበያ) ይፈስሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀለም የብቻው ቱቦ አዘጋጅታችሁ ኮምፔንሴሽን (የፈሰሰውን ብርሃን በስሌት መቀነስ) መሥራት ግዴታ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር ቶሎ ይደበዝዛል። ትልቅ ስለሆነም ወፍራም ቲሹ ውስጥ ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል። ለስላይድ አትግዙት።

ኤ.ፒ.ሲ፣ ሙሉ ስሙ አሎፋይኮሲያኒን፣ 650 ላይ ይነሳል፤ 660 ላይ ይበራል። ቀይ ሌዘር ይፈልጋል። ሌዘሩ ካለ በጣም ደስ የሚል ቀለም ነው። የሴሉ የራሱ ብርሃን በዚያ አካባቢ ትንሽ ነው። ከኤፍ.አይ.ቲ.ሲና ከፒ.ኢ ጋርም ብዙ አይጋጭም። ሁለቱን ቻናሎች በሌሎች አንቲቦዲዎች ከያዛችኋቸው ስትሬፕታቪዲኑን ወደ ኤ.ፒ.ሲ አውጡት። አሌክሳ ፍሎር 647ም እዚያው ቻናል ላይ ይገባል። ከኤ.ፒ.ሲ ትንሽ ቢደክምም ጠንካራ ነው፤ ለስላይድም ይሆናል።

ፒ.ኢ ሳይ7፣ ፒ.ኢ ሳይ5 የሚባሉት ጥንድ ቀለሞች ላይ ጥንቃቄ እመክራለሁ። አንዱ ቀለም ብርሃኑን ለሌላው እያቀበለ ነው የሚሠሩት። ብርሃንና ሙቀት ሲያገኛቸው ቅብብሎሹ ይቋረጥና ብርሃኑ በፒ.ኢ ቻናል ይወጣል። ያኔ የሌለ ነገር ያለ ይመስላል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስከ አዘዞ አየር ማረፊያ ወይም በመኪና 700 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ መንገድ በኋላ በምን ሁኔታ እንደደረሱ ማወቅ ከባድ ነው። አራተኛና አምስተኛ ቀለም የግድ ካላስፈለጋችሁ ተዉአቸው።

የቫዮሌት ቀለሞችና ኳንተም ዶት የሚባሉት ደግሞ ማሽኑ ካላችሁ ጥሩ ናቸው። ከሌላችሁ የሚያወያይ ነገር የለም። ናሙናችሁን በቅንጣት ላይ ለሚሠራ የመልቲፕሌክስ ምርመራ፣ ለምሳሌ ለሉሚኔክስ፣ የምትልኩ ከሆነም ምርጫው አልቋል። ስትሬፕታቪዲን ፒ.ኢ ነው። ማሽኑ ቅንጣቶቹን ራሳቸውን የሚለየው በቀይ ብርሃን ስለሆነ ቀይ ቀለም እዚያ ቦታ የለውም።

ቲሹ ላይ ስትሠሩ፦ የጉበትና የጣፊያ ነገር

ጎንደር ከመተማና ከሁመራ አካባቢ የሚመጡ የካላዛር (ጣፊያና ጉበትን የሚያጠቃ በሽታ) ሕመምተኞች የሚታከሙባት ከተማ ናት። ስለዚህ እዚህ ስለ ጉበት፣ ስለ ጣፊያና ስለ ቆዳ ናሙና የሚጠይቅ ተመራማሪ ብዙ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ነው።

በፎርማሊን የቆየ ቲሹ በራሱ ያበራል። ቀይ የደም ሴሎች ያበራሉ። በሴሎች ውስጥ የሚጠራቀመው ሊፖፉሲንም ያበራል። ይህ ሁሉ ብርሃን በአረንጓዴው በኩል ይበዛል። በደም የተሞላ ጣፊያ ላይ አረንጓዴ ቀለም ማድረግ በቀትር ፀሐይ ኩራዝ እንደመፈለግ ነው። ስለዚህ ለቲሹ ወደ ቀዩ ሂዱ። ማይክሮስኮፓችሁ ሮዳሚን የሚያይ ኩብ ካለው ሳይ3 ወይም አሌክሳ ፍሎር 555 ውሰዱ። ቴክሳስ ሬድ የሚያይ ኩብ ከሆነ 594ቱን ውሰዱ። ሁለቱም በዓይን ይታያሉ። ኒውክሊየስን ሰማያዊ ከሚያደርገው ዳፒ ጋርም በደንብ ይለያሉ።

ሳይ5ና አሌክሳ 647 ከዚህም የተሻለ ጨለማ የሆነ ጀርባ (ያልተፈለገ ብርሃን ያነሰበት) ይሰጣሉ። ችግሩ የሰው ዓይን ያንን ብርሃን በአግባቡ አያየውም። ማይክሮስኮፑ ላይ ይህን ብርሃን የሚይዝ ጥሩ ጥቁርና ነጭ ካሜራ ከሌለ ስላይዱ ባዶ ይመስላችኋል። ካሜራ አለን የምትሉም፣ ካሜራው ከሩቁ ቀይ ብርሃን የሚያግድ ፊልተር ፊቱ ላይ እንደሌለ አረጋግጡ። ባለቀለም ካሜራዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው የቲሹ ጉዳይ ባዮቲን ራሱ ነው። ጉበትና ኩላሊት በተፈጥሯቸው ባዮቲን የበዛባቸው ናቸው። ባዮቲኑ ያለው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ በሚገኙ ኢንዛይሞች ላይ ነው። ስትሬፕታቪዲን ደግሞ የእናንተንና የጉበቱን ባዮቲን አይለይም። በተለይ የፓራፊን ቲሹ አንቲጂኑን ለማውጣት በሙቀት ሲቀቀል የተደበቀው ባዮቲን ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከአንቲቦዲው በፊት ቀለም የሌለው አቪዲን 15 ደቂቃ ያህል አድርጉ፤ እጠቡ። ቀጥሎ ነጻ ባዮቲን 15 ደቂቃ ያህል አድርጉ፤ እጠቡ። አቪዲኑ የቲሹውን ባዮቲን ይሸፍናል፤ ባዮቲኑ ደግሞ የአቪዲኑን ክፍት ኪሶች ይሞላል። ለዚህ የሚሸጥ ኪት አለ። የጉበት ሥራ ከሆነ ከስትሬፕታቪዲኑ ጋር አብራችሁ እዘዙት።

ባዮቲን ሳይታሰብ የሚገባባቸው ሌሎች በሮችም አሉ። የወተት ዱቄት ባዮቲን አለበት፤ ለብሎኪንግ (ያልተፈለገ መጣበቅን ለመከልከል) ቢ.ኤስ.ኤ የተባለውን ፕሮቲን ተጠቀሙ። አርፒኤምአይ 1640 የተባለው የሴል ማሳደጊያ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ባዮቲን አለው። ሴሎቹን ፒ.ቢ.ኤስ በተባለው በፈር ሳታጥቡ ስትሬፕታቪዲን ከጨመራችሁ ኪሶቹ በማሳደጊያው ባዮቲን ይሞላሉ። የሕመምተኛ ሴረም ላይ የምትሠሩም፣ ሰውየው ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጥ ባዮቲን ይወስድ እንደሆነ ጠይቁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ የላብራቶሪ ውጤት እንደሚያዛባ አስጠንቅቋል።

አቪዲን፣ ኒውትራቪዲን ወይስ ስትሬፕታቪዲን?

አቪዲን ከእንቁላል ነጩ ክፍል ይወጣል፤ ይረክሳል። ነገር ግን ስኳር የተለጠፈበት ፕሮቲን ነው። በተለመደው በፈር ውስጥም ከፍተኛ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ስለዚህ ሳይፈለግ ዲኤንኤና የሴል ወለል ላይ ይጣበቃል። ለብሎኪንግ ጥሩ ነው፤ ለማየት አልመርጠውም። ስትሬፕታቪዲን ሁለቱም ችግር የለበትም። ኒውትራቪዲን ስኳሩ የተነሳለት አቪዲን ነው። ስትሬፕታቪዲን ተጠቅማችሁ፣ ባዮቲኑንም ሸፍናችሁ፣ አሁንም ጀርባው ካልጠራላችሁ ያኔ ሞክሩት።

መንገዱ፣ ፍሪጁና ዋጋው

ፒ.ኢና ኤ.ፒ.ሲ በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ። ቦታቸው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ብዙ ጊዜ አደጋው የሚመጣው ከመልካም ሐሳብ ነው። ዕቃ ክፍል የተቀበለው ሰው «ሪኤጀንት ነው፤ እንዳይበላሽ» ብሎ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ይከተዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ካርቶኑ ላይ በትልቁ በአማርኛ ጻፉበት፦ «ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶ እንዳይሆን።» ከአዲስ አበባ በአይስ ቦክስ ሲመጣም ጠርሙሱ ከአይስ ፓኩ ጋር በቀጥታ አይነካካ። በመሃላቸው ካርቶን ወይም ወፍራም ወረቀት ይግባ።

እንደ አሌክሳ 488 ያሉት ትንንሽ ቀለሞች በዚህ በኩል ይመቻሉ። ደርቆ በዱቄት መልክ የሚሸጥ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ መንገድ ይችላል። ከሟሟ በኋላ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ፣ በፎይል ጠቅልላችሁ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ማቆየት ይቻላል። አንዴ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙት። ከመጠቀማችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ሴንትሪፊውጅ አድርጉትና ከላይ ካለው ብቻ ውሰዱ። ከታች የተጠራቀመው የተጓጎለ ፕሮቲን ስላይድ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ሆኖ ይታያል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ፍሪጁን አትክፈቱ።

ዋጋ ስታወዳድሩ የጠርሙሱን ዋጋ ትታችሁ የአንዱን ምርመራ ዋጋ አስሉ። 0.5 ሚሊ ግራም ያለው ጠርሙስ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ቱቦ 0.2 ማይክሮ ግራም ከተጠቀማችሁ ግን 2,500 ቱቦ ነው። ለአንድ የማስተርስ ጥናት ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ትልቁን አትግዙ፤ ጊዜው ያልፍበታል። ሁለት ሦስት ተማሪዎች ተዋጥታችሁ አንድ ብትገዙ ይበልጥ ያዋጣል።

መጠኑን ራሳችሁ ፈትኑ። በሚሊ ሊትር 2 ማይክሮ ግራም ጀምራችሁ በግማሽ በግማሽ እስከ 0.125 ውረዱ። የምትመርጡት ፖዘቲቩ በጣም የደመቀበትን አይደለም። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በደንብ የተራራቁበትን ነው። ስትሬፕታቪዲን ሲበዛ ጀርባው አብሮ ይደምቃል። ባዮቲን ያለበት አንቲቦዲ ሳይገባበት ስትሬፕታቪዲን ብቻ የተጨመረበት ቱቦም ሁልጊዜ ይኑራችሁ። ይህ ቱቦ ካበራ ችግሩ ከአንቲቦዲው አይደለም። ገንዘብ አነሰን ብላችሁ ይህን ኮንትሮል አትቁረጡ፤ ያለሱ ውጤታችሁን ማንም ገምጋሚ አይቀበለውም።

ፍሎው ሳይቶሜትርም ማይክሮስኮፕም እየተጠቀማችሁ ለሁለቱም አንድ ጠርሙስ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ፣ የ488ቱን ዓይነት ውሰዱ። የፒ.ኢን ያህል አይደምቅም፤ ግን በሁለቱም ማሽን ይሠራል፤ መንገዱንም ይችላል። ሥራችሁ በሙሉ የጉበትና የጣፊያ ስላይድ ከሆነ ብቻ ወደ 555 ወይም 594 ቀይሩት።

ፕሮፎርማ ስታስወጡ የቀለሙን ስም ብቻ አትጻፉ። የሚነሳበትንና የሚበራበትን ናኖሜትር፣ የሚቀመጥበትን ሙቀትና ጎንደር ሲደርስ ቢያንስ ስንት ወር ዕድሜ ሊቀረው እንደሚገባ አስገቡበት። «ተመሳሳይ» ተብሎ ሌላ ቀለም እንዳይመጣባችሁ የሚከላከለው ይህ ነው። የመድረሻ ቀኑንም ከሻጩ ጋር ተነጋገሩ። ዓርብ ከሰዓት የደረሰ ካርቶን እስከ ሰኞ የሚቀበለው ላያገኝ ይችላል። በጥምቀት ሳምንት ደግሞ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ቢሮው ይዘጋል፤ ያኔ ከሚመጣ ከጥር አጋማሽ በኋላ ይሁን በሉ።